ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ የሚወስደውን የአየር ርቀትና የበረራ ጊዜ እንዴት ማስላት ይቻላል

የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በግምት 11.61 ዲግሪ ሰሜንና 37.32 ዲግሪ ምሥራቅ፣ የላሊበላው ደግሞ 11.98 ዲግሪ ሰሜንና 38.98 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛሉ። በመጀመሪያ የኬክሮሱን ልዩነት 0.37ን በአንድ ዲግሪ ርዝመት፣ ማለትም በ111 ኪሎ ሜትር ሲያባዙ 41 ያህል ያገኛሉ። የኬንትሮሱን ልዩነት 1.66ን ግን በ109 ያባዙ፤ ምክንያቱም የኬንትሮስ መስመሮች ከምድር ወገብ በራቁ መጠን እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ ነው፤ ውጤቱም 181 ይሆናል። የሁለቱን ቁጥሮች ካሬ ደምረው ካሬ ሥሩን ሲያወጡ 186 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ።

ይህን ርቀት በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ቢያካፍሉት 19 ደቂቃ ይሰጣል፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ ከጣና ዳር ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ አካባቢ ለማለፍ መውጣት፣ ወዲያውም ለማረፍ መውረድ ስላለበት፣ 15 ደቂቃ ያህል መጨመር ተገቢ ነው።

ትኬት ሲቆርጡ በረራው ቀጥታ መሆኑን በጥንቃቄ ያረጋግጡ። በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ የአየር ርቀቱ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ የቦሌው ቆይታ ሳይታሰብ እንኳ ጉዞው በብዙ ይረዝማል። ትኬቱ ላይ 07:20 የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ በዚህ ስሕተት በረራ ያመለጣቸውን መንገደኞች አይቻለሁና ደጋግመው ያጢኑት።