ከደለስ ወርዶ ከናሽናል መብረር፦ በአንድ ከተማ ሁለት ኤርፖርቶች መካከል እንዴት ማለፍ ይቻላል?

ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ቲኬት ስትፈልጉ አንዱ ጉዞ ከሌሎቹ ረከስ ብሎ ብቅ ይላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ዋሽንግተን በአንድ ኤርፖርት ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከተማው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ልዩነቱን ልብ አይለውም። እኔ እንደምለው ግን ኤርፖርት መቀየር ማለት አገር ውስጥ ገብቶ፣ ሻንጣ ተረክቦ፣ ከተማ አቋርጦ ጉዞን ከዜሮ መጀመር ማለት ነው። ይህን አውቆ የተዘጋጀ ሰው በሰላም ያልፋል። እናቱን ወይም አባቱን ብቻቸውን የሚልክ ሰው ደግሞ ሁለቴ ያስብበት።

እዚህ የምጽፈው ከደለስ ወደ ሬገን ናሽናል ስለሚደረገው ዝውውር ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚያልፉት በዚያ ነውና።

ሁለቱ ለምን ተለያዩ? ናሽናል በ1941 የተከፈተ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ለመሀል ከተማው በጣም ቅርብ የሆነ ኤርፖርት ነው። ከ1,250 ማይል፣ ማለትም ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚደረጉ በረራዎች በሕግ ተገድበውበታል፤ የተፈቀዱት ጥቂት ናቸው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ መንገደኛን የሚቀበል ኢሚግሬሽንና ጉምሩክም የለውም። ደለስ ደግሞ በ1962 ከከተማው 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቨርጂኒያ ውስጥ ተከፈተ። ስለዚህ ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን ደለስ ያርፋል። ወደ ቦስተን፣ ወደ አትላንታ ወይም ወደ ሻርሎት የሚወስደው የአገር ውስጥ በረራ ግን ብዙ ጊዜ ከናሽናል ነው።

1. ከመክፈላችሁ በፊት ሦስቱን ፊደላት እዩ

ቲኬቱ ላይ "ዋሽንግተን" የሚለውን አትመኑ። አይ ኤ ዲ ደለስ ነው፤ ዲ ሲ ኤ ናሽናል ነው፤ ቢ ደብሊው አይ ባልቲሞር ነው። የምታርፉበትና የምትነሱበት ፊደል ካልተመሳሰለ ኤርፖርት ልትቀይሩ ነው።

ቀጥሎ ቲኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? በአንድ ቲኬት ከሆነና የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ አየር መንገዱ ሌላ በረራ ይፈልግላችኋል። ሁለቱን ለየብቻ ከገዛችሁ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ስለ መጀመሪያው አያገባውም። ቀረ ብሎ ይመዘግባችኋል፤ ገንዘቡም ይበላል። ለየብቻ ለሚገዛ ሰው በመሀል ቢያንስ 6 ሰዓት እንዲተው እመክራለሁ። በአንድ ቲኬትም ቢሆን ከ4 ሰዓት በታች አልገዛም።

ሰዓቱን ስትቆጥሩ ቲኬቱ የሚጽፈው የአካባቢውን ሰዓት እንደሆነ አትርሱ። 14፡00 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። አገር ቤት ለሚጠብቅ ዘመድ ስትነግሩት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግልጽ አድርጉለት።

2. ቪዛ

አሜሪካ እንደ ዱባይ ኤርፖርት ውስጥ ተቀምጦ ማለፍ የለም። ወደ ሦስተኛ አገር የሚያልፍ ሰውም ቪዛ ያስፈልገዋል። ለንደን ላይ ከሂትሮው ወደ ጋትዊክ፣ ፓሪስ ላይ ከሻርል ደ ጎል ወደ ኦርሊ የሚቀይርም እንደዚሁ ነው፤ ከኤርፖርት ስለሚወጣ ወደ አገሩ ለመግባት የሚያስችል ፈቃድ ያስፈልገዋል።

3. ሻንጣው፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው

ቦሌ ላይ ሻንጣችሁ ሲመዘን የሚለጠፍበትን ወረቀት አንብቡ። መድረሻው አይ ኤ ዲ መሆን አለበት። የመጨረሻው ከተማ ፊደል ከተጻፈበት ከመስኮቱ ሳትነሱ ጠይቁ። "ቀጣዩ በረራዬ ከናሽናል ነው፤ ሻንጣዬን ደለስ ላይ ልረከብ ነው" በሉ።

ደለስ ስታርፉ ትልቅ አዳራሽ የመሰለ ተሽከርካሪ ላይ ትሳፈራላችሁ። ወደ ኢሚግሬሽን ሕንፃው የሚያደርሳችሁ እሱ ነው። ከዚያ ፓስፖርት፣ ከዚያ ሻንጣ፣ ከዚያ ጉምሩክ። ሰልፉ ሲረዝም ይህ ሁሉ 2 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ምግብ ከያዛችሁ ምንም ሳትደብቁ አስመዝግቡ። ቋንጣ አይገባም፤ ይዞ መጥቶ ዝም ማለት ደግሞ ያስቀጣል።

አሁን አንድ ቦታ ላይ ልብ በሉ። ከጉምሩክ እንዳለፋችሁ ሻንጣ መልሰው የሚረከቡ ሠራተኞች አሉ። "ኮኔክሽን?" ብለው ይጠይቃሉ። እውነት ነው፣ ቀጣይ በረራ አላችሁ፤ ስለዚህ አፋችሁ "የስ" ማለት ይቀናዋል። ግን ያ ቦታ ከደለስ ለሚቀጥሉ ብቻ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሻንጣ ከደለስ ለሚነሱ በረራዎች ወደሚለይበት ክፍል ይሄዳል። እናንተ ናሽናል ባዶ እጃችሁን ትደርሳላችሁ።

አክስቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቲኬቱን የቆረጠላት ኤጀንት "ሻንጣው በቀጥታ ይሄዳል" ብሏት ስለነበር ሁለቱንም ሻንጣ አስረክባ ወጣች። መድኃኒቷ አንደኛው ውስጥ ነበር። ሻንጣው በኋላ ቢመጣም ያን ሌሊት የግፊት መድኃኒት ፍለጋ ስንዞር አደርን። ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙ፦ መድኃኒትና ዶክመንት ከእጅ ቦርሳ አይውጣ፤ ሠራተኛው ሲጠይቃችሁ ደግሞ "ናሽናል ኤርፖርት" ብላችሁ ሻንጣችሁን እየገፋችሁ ውጡ።

ከዱቲ ፍሪ የገዛችሁት ጠርሙስ ወይም በእጅ የያዛችሁት ማርና ቅቤ ካለ አሁኑኑ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። ናሽናል ላይ እንደገና ትፈተሻላችሁ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ አያሳልፉም። ቅቤና ማርም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። በርበሬና ሽሮ ግን እንደ ፈሳሽ አይቆጠሩም።

4. ከደለስ ወደ ናሽናል

ሁለቱን የሚያገናኝ ነጻ አውቶቡስ የለም። ምርጫችሁ ታክሲ (ወይም ኡበር) ወይም ሜትሮ የሚባለው የከተማው ባቡር ነው።

ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ ለያዘ ሰው ታክሲ ይሻላል እላለሁ፤ ሁለት ሆናችሁ ከተካፈላችሁት ደግሞ አይቆጭም። ዋጋው የባቡሩን 10 እጥፍ ያህል ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ግን ወደ ከተማ የሚያስገባው አይ 66 የተባለ አውራ ጎዳና ይጨናነቃል፤ በዚያ ሰዓት የመንገድ ክፍያም አለው። ታክሲ ከተመደበለት ሰልፍ ብቻ ያዙ። አዳራሽ ውስጥ "ታክሲ፣ ታክሲ" እያለ የሚከተላችሁን ሰው እለፉት፣ አማርኛ ቢያናግራችሁም። ሰልፉ ላይም ቢሆን አማርኛ ተናጋሪ ሾፌር አይጠፋም።

ሻንጣው ቀላል ከሆነ ሜትሮ ምርጥ ነው። ሲልቨር ላይን የተባለው የሜትሮ መስመር ደለስ የደረሰው በ2022 ነው። ከሻንጣ መረከቢያው ወለል ተነስቶ ወደ ጣቢያው የሚወስድ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ አለ፤ በእግር 5 ደቂቃ ያህል ነው። ዋጋው ከ7 ዶላር በታች ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ይረክሳል። የባንክ ካርድ በሩ ላይ አስነክቶ መግባት ይቻላል። የባንክ ካርድ የሌለው ስማርትሪፕ የተባለውን የሜትሮ መክፈያ ካርድ ከማሽኑ በ2 ዶላር ይገዛል፤ ሒሳቡን ይሞላል። ትንንሽ ኖት ይኑራችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልጋል፤ ሲወጡም ያንኑ ካርድ ማስነካት ነው።

ባቡር መቀየሪያው ሮዝሊን የተባለው ጣቢያ ነው። ከደለስ የሚመጣው ባቡር ታችኛው ወለል ላይ ያወርዳችኋል። እናንተ የምትፈልጉት ብሉ ላይን የተባለው መስመር ግን ላይኛው ወለል ላይ ነው፤ በሊፍት ውጡ። እዚያም የሚመጣውን ባቡር ሁሉ እንዳትሳፈሩ። ኦሬንጅና ሲልቨርም በዚያው ሐዲድ ያልፋሉ፤ ሲልቨሩ ወደመጣችሁበት ይመልሳችኋል። ሰሌዳው ላይ ሰማያዊ ቀለምና "ፍራንኮኒያ-ስፕሪንግፊልድ" የሚለውን ስም ጠብቁ። ፔንታጎንን፣ ፔንታጎን ሲቲንና ክሪስታል ሲቲን አልፎ ናሽናል ይደርሳል። ጠቅላላው ከ1 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ሜትሮ ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም፤ በጣም አምሽቶ ለሚያርፍ ሰው አማራጭ ላይሆን ይችላል።

5. ናሽናል ላይ

ከጣቢያው በድልድይ ቀጥታ ተርሚናል 2 ትገባላችሁ። ሳውዝዌስትን ከመሳሰሉት የምትበሩ ከሆነ ተርሚናል 1 ነው፤ ትንሽ ራቅ ይላል። ሻንጣ መቀበል የሚቆመው ከመነሻው ሰዓት 45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ቲኬቱ ለብቻው የተገዛ ከሆነ ሻንጣው ይከፈልበታል። ከአዲስ አበባ ሁለት ሻንጣ በነጻ መጣ ማለት እዚህም በነጻ ይሄዳል ማለት አይደለም። ቲኬቱ ረከሰ ስትሉ ይህንንና የታክሲውን አብራችሁ ደምሩ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ሙልጭ ብሎ ያልቃል።

አረጋውያን ብቻቸውን ሲመጡ

ቦሌ ላይ የታዘዘ ዊልቸር ደለስ በር ላይ ያበቃል። የሚገፋው ሠራተኛ ሌላ ኤርፖርት ድረስ አይሄድም። ናሽናል ላይ የሚያስፈልገውን ከሁለተኛው አየር መንገድ በስልክ አስቀድማችሁ ለብቻው እዘዙ። በመሀል ደግሞ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ደለስ ሄዶ ይቀበላቸው። ሰው ከሌለ ተጨማሪውን ዶላር ከፍላችሁ ከደለስ የሚቀጥል በረራ ግዙላቸው። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ሮዝሊን ላይ ሊፍት ሲፈልጉ ማሰቡ ራሱ ይከብደኛል።

እንደማትደርሱ ካወቃችሁ ለሁለተኛው አየር መንገድ የምትደውሉት አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ነው፣ በኋላ አይደለም። ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ወደ ሌላ በረራ ለመቀየር ዕድል አላችሁ። ዝም ብላችሁ ከቀራችሁ በዚያው ቲኬት ላይ ያለው መመለሻም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል።