«ሲስተም የለም» ሲባል፦ የመረጃ ሥርዓት ችግሮች ከምልክት እስከ መፍትሄ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያም ሆነ በከሚሴ ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ አንድ መስኮት የቀረበ ሰው «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ሳይሰማ አይቀርም። መልሱ ግን ምን እንደጎደለ አይናገርም፤ ምክንያቱም የመረጃ ሥርዓት ማለት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን ሃርድዌር (ማሽኑ)፣ ሶፍትዌር (ፕሮግራሙ)፣ ዳታ (የሚመዘገበው መረጃ)፣ ኔትወርክ፣ ሥራውን የሚሠራው ሰው እና ሰውየው የሚከተለው የአሠራር ደንብ አንድ ላይ ሲሠሩ ነው። ከስድስቱ የትኛውም ቢጎድል ምልክቱ የሚታየው በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ስለሆነ ጥፋቱ ሁሉ በማሽኑ ይላከካል። ከዚህ በታች የቀረቡት ምልክቶች በሱቅ፣ በመድኃኒት ቤት፣ በኅብረት ሥራ ማኅበርና በትንንሽ ቢሮዎች ዘወትር የሚያጋጥሙ ሲሆኑ፣ የብዙዎቹ መነሻ ከማሽኑ ውጭ ነው።

ኮምፒውተሩ በርቷል፣ አገልግሎቱ ግን አይሠራም

በመጀመሪያ መለየት ያለበት ችግሩ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ነው ወይስ በሁሉም ላይ የሚለው ነው። በአንዱ ብቻ ከሆነ የኔትወርክ ገመዱን ነቅሎ መልሶ መሰካትና በመሰኪያው አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት መብራቷን ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በሁሉም ላይ ከሆነ ኢንተርኔቱን ወደ ቢሮው ወደሚያስገባው ሣጥን፣ ወደ ሞደሙ፣ መሄድ ያስፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ኮምፒውተሮቹ በዩፒኤስ (ለጥቂት ጊዜ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) ሲቆዩ ሞደሙ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ስለተሰካ ብቻውን የሚጠፋበት ቢሮ ጥቂት አይደለም፤ መፍትሄውም ሞደሙን ከዚያው ዩፒኤስ ላይ መሰካት ነው፣ ከኮምፒውተር ጋር ሲነጻጸር የሚወስደው ኃይል እጅግ አነስተኛ ነውና። ሞደሙ ደህና ሆኖ ሌሎች ድረ ገጾች እየተከፈቱ የእርስዎ ሥርዓት ብቻ የማይከፈት ከሆነ ደግሞ ችግሩ ምናልባት ዳታው በሚቀመጥበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ስለሆነ እዚህ ገመድ መነቃቀል ትርፉ ድካም ነው፤ ሰርቨሩን ለሚያስተዳድረው ክፍል መደወል ይሻላል።

ባለጉዳዩን ከሁሉ ይበልጥ የሚያጉላላው ግን የደንብ ጉድለት ነው፦ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል ማንም አልወሰነም። ተከታታይ ቁጥር ያለው የወረቀት ቅጽ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ አገልግሎቱ ሲመለስ ቅጹን የሚያስገባው ሰው ተለይቶ፣ የቅጹም ቁጥር በሥርዓቱ ውስጥ አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። ቁጥሩ ካልተመዘገበ አንዱ ሽያጭ ሁለቴ መግባቱ ወይም ጨርሶ መቅረቱ አይታወቅም።

የተመዘገበ ደንበኛ ሲፈለግ አይገኝም

ይህ የዳታ ችግር ሲሆን ወሎ ውስጥ በተለይ የሚበረታ ይመስለኛል። ሐሰን የሚለው ስም ብቻ በሀ፣ በሃ ወይም በሐ ተጀምሮ በሰ ወይም በሠ ሲጻፍ ስድስት መልክ ይኖረዋል፤ የአባቱ ስም መሐመድ ሲሆን ደግሞ መሀመድ፣ መሃመድ፣ ሙሐመድ እያለ ይበዛል። ለጆሮ አንድ የሆነው ፊደል ለኮምፒውተሩ አንድ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ በተባለው ደንብ ሀ 4608፣ ሃ 4611፣ ሐ 4624 የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ ጠዋት በአንዷ ጸሐፊ የተመዘገበውን ሰው ከሰዓት በኋላ ሌላዋ ስትፈልገው ታጣዋለች፣ «የለም» ብላም እንደገና ትመዘግበዋለች፣ አንዱ ባለዕዳ ሁለት ሰው ይሆናል።

መፍትሄው ሰዎች ስማቸውን በአንድ ፊደል እንዲጽፉ ማስገደድ አይደለም። የሚታየው ስም በመታወቂያው ላይ እንዳለ ይቀመጥና ከጀርባው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ይዘጋጃል፤ በዚያ ዓምድ ሃ፣ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ይለወጣሉ፣ የሚፈለገው ስም ሲተየብም እንደዚሁ ተለውጦ ይፈለጋል። መ እና ሙን ግን ይህ ዘዴ አይፈታቸውም። ስልክ ቁጥር ቢረዳም በገጠር አንድ ስልክ ለመላው ቤተሰብ ስለሚያገለግል ብቻውን መለያ ሊሆን አይችልም፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ቁጥር በካርድ ጽፎ መስጠት አስተማማኝ ነው። የራስ፣ የአባትና የአያት ስምም ሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይኑሯቸው፤ ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ሲያቀርብ ግማሹ ጸሐፊ የአባት፣ ግማሹ የአያት ስም ያስገባበታል። ሁለቴ የተመዘገበ ሰው ሲገኝ አንዱን መዝገብ መሰረዝ አይገባም፤ ታሪኩ ወደ ቀሪው ይዛወርና ባዶው «ተዘግቷል» ተብሎ ይያዝ።

የወሩ ሪፖርት ጥቂት ቀኖች ይጎድሉታል

በኤክሴል (በሠንጠረዥ ማስያ ፕሮግራም) የሚሠሩ ሰዎች ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 30/2/2016 ብለው ሲጽፉ ፕሮግራሙ የሚያነበው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ ሁለተኛውን ወር እንደ ፌብሩዋሪ ይወስደዋል፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው የተጻፈውን እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። የዚያ ቀን ሽያጭ በቀን ሲደረደር ከቦታው ይወጣል፣ በወር ሲደመርም ይቀራል። ጳጉሜን ከነጭራሹ አያውቃትም። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምዶች ለይቶ በቁጥር መጻፍ ቀላሉ መውጫ ነው። ሶፍትዌር የሚያሠራ ድርጅት ግን ቀኑ በውስጥ በአንድ አቆጣጠር ተቀምጦ ለተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ፣ የበጀት ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 እንዲሆን በውሉ ላይ አስቀድሞ ያጽፍ። ሌሊት የሚሠራ መድኃኒት ቤት አንድ ነገር ይጨምር፦ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተሸጠውን ተረኛው የትናንት ሲለው ማሽኑ የዛሬ ስለሚለው፣ ቀኑ የሚዘጋበት ሰዓት በደንብ ይወሰን።

ኮምፒውተሩ ያለው ቁጥርና መጋዘኑ ውስጥ ያለው እቃ አይገናኙም

ስርቆት ከመጠርጠር በፊት የመለኪያው ነገር ይታይ፤ አንዱ በኩንታል፣ አንዱ በኪሎ፣ አንዱ በካርቶን ሲመዘግብ ሁሉም ትክክል ሆነው ድምሩ ስህተት ይሆናል። ለእያንዳንዱ እቃ አንድ መነሻ መለኪያ ይሰየምና ሌላው ሁሉ ወደዚያ ይቀየር። ቆጠራም መጋዘኑ ተዘግቶ፣ የወጣው ሁሉ ከተመዘገበ በኋላ ይካሄድ።

ሥራው ይመዘገባል፣ ኃላፊው ግን የሚፈልገውን መልስ አያገኝም

እዚህ ላይ መጀመሪያ ከተጠቀሱት ስድስት ክፍሎች አንዱም ላይጎድል ይችላል፤ ያልተገጣጠመው የሥርዓቱ ዓይነትና የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። በኮምቦልቻ መጋዘን፣ በደሴና በሐይቅ ከተማ መሸጫ ያለው የእህል ነጋዴ እናስብ። «ዛሬ ስንት ኩንታል ወጣ፣ ማን ከፈለ?» የሚለውን የሚመልስለት የዕለት ግብይትን የሚመዘግብ ሥርዓት ነው፤ ቀጥለው የሚነሡት ሌሎቹ ሥርዓቶችም ዳታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከዚህ ነው። «ከሦስቱ ቦታዎች በዚህ ወር የቀነሰው የትኛው ነው?» ለሚለው የተመዘገበውን ጠቅለል አድርጎ በየጊዜው ሪፖርት የሚያወጣ የአስተዳደር መረጃ ሥርዓት ያስፈልጋል። «የበልጉ ዝናብ ቢዘገይና የደጋው ምርት ቢቀንስ ከአሁኑ ምን ያህል ልግዛ?» የሚለው ግን «ቢሆንስ» እያሉ ግምቶችን እየቀያየሩ የሚያሰሉበትን የውሳኔ ድጋፍ ሥርዓት ይጠይቃል፤ ለዚህም የራሱ ሽያጭ ብቻ ስለማይበቃ የገበያ ዋጋና የአየር ሁኔታ ዳታ ከውጭ መግባት አለበት። የበላይ አመራር ሥርዓት የሚባለው፣ የብዙ ክፍሎችን ውጤት በአንድ ገጽ የሚያሳየው፣ ለእንዲህ ያለ ነጋዴ ትርፍ ወጪ ነው።

የሽያጭ ማሽን ገዝቶ የግዢ ምክር የሚጠብቅ ሰው ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ቢያስጠግነው ወይም ውድ በሆነ ቢተካው ያው ነው። መጀመሪያ በየሳምንቱ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች በወረቀት ይጻፍና ከእያንዳንዱ አጠገብ መልሱ ከየትኛው ዳታ እንደሚወጣ ያስፍር። ዳታው ተመዝግቦ ከተገኘ ሪፖርት የሚያወጣ ባለሙያ ይበቃዋል። ካልተገኘ፣ ለምሳሌ የመግዣ ዋጋ ሳይጻፍ የመሸጫው ብቻ ተመዝግቦ ከሆነ፣ የትኛውም ሶፍትዌር ትርፉን ሊነግረው ስለማይችል ማስተካከያው የሚጀምረው ከመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ነው።