«ሊቅ» ወይስ «ጂኒየስ»? ሰውን በጽሑፍ ስናወድስ የትኛውን ቃል መቼ እንጠቀም

በአራት ኪሎና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባሉ አዳራሾች የመጽሐፍ ምረቃ ወይም የመታሰቢያ ዝግጅት ሲኖር፣ ባለ ታሪኩን የሚያስተዋውቀው ጽሑፍ «ሊቅ» ወይም «ጂኒየስ» ሳይል የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ቃላቱ ግን አንዱ በሌላው ቦታ የሚገቡ አይደሉም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው አስቀድሞ የሚያወድሰው በትምህርት የተገኘን ዕውቀት ይሁን ወይም በተፈጥሮ የተገኘን ልዩ ችሎታ መለየት አለበት።

«ሊቅ» የግእዝ ቃል ሲሆን ሥሩ «ልህቀ» ማደግን፣ በዕድሜ መግፋትን ያመለክታል። ስለዚህም የቀድሞ ትርጉሙ ሽማግሌ፣ አለቃ የሚል ነበር፤ «ሊቀ ጳጳሳት» ወይም «ሊቀ መንበር» ስንል ዛሬም የምንናገረው ስለ አለቅነት ነው። በቤተ ክህነት ደግሞ ሊቅ የሚባለው ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ፣ ቅኔ ተቀኝቶ፣ መጻሕፍትን ከነትርጓሜያቸው ያደላደለ ሰው ነው፤ ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን የሚባሉትን አራቱን የመጻሕፍት ክፍሎች አጠናቆ የያዘው «አራት ዓይና» ይባላል። ለእኔ ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የተሻለ ምሳሌ የለም። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ተረክበው ዕድሜያቸውን ሰጡት፤ ሥራው ሳይታተም ስላረፉም ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። እንዲህ ያሉትን ሰው «ጂኒየስ» ብሎ ማለፍ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረውን ድካም የአንድ ሰው የአእምሮ ብልጭታ ያስመስለዋል።

«ጂኒየስ» በላቲን ከሰው ጋር አብሮ ተወልዶ የሚጠብቀው መንፈስ መጠሪያ ነበር። በአውሮፓ በ18ኛው መቶ ዘመን ግን የነበረውን ደንብ ከመከተል ይልቅ አዲስ መንገድ የሚከፍት ተፈጥሯዊ ችሎታና የባለ ችሎታው ስም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሉዊስ ተርማን ባዘጋጀው የአእምሮ ፈተና ከ140 በላይ ያመጡትን በዚሁ ስም መድቦ ነበር፤ የዛሬዎቹ ፈተናዎች ስያሜውን ትተውታል። ስለዚህ የፈተና ውጤት ብቻ ይዞ ማንንም ጂኒየስ ማለት አይገባም፤ የሚገባው ከእርሱ በፊት ያልነበረ ሥራ ላሳየ ሰው ነው። በመደበኛ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ «ልዩ ተሰጥኦ ያለው» የሚለው ይበቃል።

ከሁሉም የሚሻለው ሥራውን ከስሙ ማስቀደም ነው። «ታላቁ የሥዕል ጂኒየስ አፈወርቅ ተክሌ» የሚለው ለአድማጭ አንዳች ነገር አይነግርም። «በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል የሚያሳየውን ባለቀለም መስታወት የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ» ተብሎ ቢጻፍ ግን፣ አድማጩ ከመስቀል አደባባይ ጥቂት ተራምዶ የሚደርስበትን ሕንፃ ያስታውሳል፤ የሰዓሊውንም ታላቅነት ራሱ ይመዝናል።

በሰዋስው በኩል፣ የ«ሊቅ» ብዙ ቁጥር «ሊቃውንት» ስለሆነ «ሊቃውንቶች» ማለት ብዙውን ደግሞ ማብዛት ነው። «ሊቀ» ብቻውን አይቆምም፤ «ሊቀ ጠበብት» እንደሚባለው ተከታይ ስም ይፈልጋል። «ሊቅ» ግን «የታሪክ ሊቅ»፣ «የቋንቋ ሊቅ» ተብሎ ዘርፉ ቢጠቀስለት ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል። በዘመናችን ያሉትን ሰው ሊቅ ካልን በኋላ ግሱን በአንቱታ መጨረስ ያስፈልጋል፤ «ሊቁ ተናገረ» ብሎ መጻፍ ያከበሩትን መልሶ ማቃለል ነው። ለሕፃናት የምስክር ወረቀት ሲዘጋጅም «ጂኒየስ ተማሪ» ከማለት «በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች» ብሎ ያደረገችውን በትክክል መጻፍ ይገባል።