ለጭፈራ የሚሆን የወንድ ሌዘር ጫማ አመራረጥ፣ ጥር ሳይገባ አንብቡት

ጥር እየመጣ ነው። እዚህ ጎንደር ጥር ሲባል ምን እንደሆነ ለጎንደሬ አይነገርም፣ ገና የጥምቀት እንግዳ ሳይሸኝ የሰርግ ካርድ ይመጣል፣ ከዛ አብይ ፆም እስኪገባ ድረስ ቅዳሜና እሁድ እግር ማረፍ የለም። ሱፍና ከረባት ላይ ሁላችንም እንጨነቃለን፣ ጫማ ግን ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ፒያሳ ወጥተን የሚያብለጨልጨውን አንስተን እንመጣለን። እኔም እንደዛው ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ሲያገባ ሚዜ ነበርኩና አዲስ ጥቁር ጫማ ገዝቼ፣ ገና ሙሽሮቹ ገብተው ጭፈራው መጦፍ ሲጀምር የቀኙ ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፈተ። ሚዜ ደግሞ ልቀመጥ ቢልስ ማን ያስቀምጠዋል፣ የብር ላስቲክ ፈልገው አሰሩልኝና እግሬን እየጎተትኩ ጨፈርኩ፣ ቪዲዮው ዛሬም ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ይከፈታል። ጫማ ገልብጬ ማየት የጀመርኩት ከዛን ቀን ወዲህ ነው።

ስለዚ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ገልብጡት። ሶሉ ጎማ ከሆነ መሬት ይይዛል፣ ለመንገድ ጥሩ ነው፣ ግን ስትዞሩ እግራችሁ ባለበት ይቀርና ሰውነታችሁ ብቻ ይዞራል፣ ያኔ የሚጠመዘዘው ጉልበታችሁ ነው። እስክስታ እኮ የትከሻ ነው ብላችሁ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ፣ እውነት ነው ቆሞ ትከሻ ለሚመታ ሰው ስስ ጎማ ችግር የለውም፣ ግን እኛ ሰርግ ላይ ቆሞ የሚቀር ማን አለ፣ ይዘለላል፣ ቁጢጥ ይባላል፣ እየተዞረ ይነሳል፣ ማታ ላይ ዲጄው ሳልሳ ምናምን ሲለቅ ደግሞ ጭራሽ መሽከርከር ነው። የሌዘር ሶል ልክ ባለው መጠን ይንሸራተታል፣ ስትዞሩ አብሯችሁ ይዞራል። ዳንስ የሚማሩ ሰዎች የሚያደርጉት ደግሞ ከስሩ ሻካራ ቆዳ፣ ሱዊድ የሚሉት፣ የተለጠፈበት ነው፣ በጣም አሪፍ ነው ግን ለአዳራሽ ውስጥ ብቻ፣ ውጪ ወጥታችሁ እርጥብ መሬት ከረገጣችሁበት አለቀለት።

ወለሉን ደግሞ አስቡ። አዝማሪ ቤት ሊሾ ላይ እንደ ሌዘር ሶል የሚሆን የለም፣ ማሲንቆው ሲጀምር እግር ራሱ ይሄዳል፣ ቢራ እስኪደፋ ድረስ። የሆቴል አዳራሽ ሴራሚክ ግን ከረጠበ አደገኛ ነው፣ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ወለል ደግሞ ከዛ ይብሳል፣ እርጥብ ሳር ላይ ለስላሳ ሌዘር ማለት ሳሙና ነው። ሰርጉ ድንኳን ውስጥ ከሆነ ከምንጣፉ ስር ጠጠር አለ፣ ሶሉን ይበላዋል። ለነዚህ እኔ የማደርገው ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ ከፊት በኩል ብቻ ስስ ጎማ ማስለጠፍ ነው፣ የመሽከርከሩ ነገር ትንሽ ይቀንሳል ግን ሙሽራዋ ፊት ከመዘረር ይሻላል።

አሁን ወደ ስፌቱ። የኔ ጫማ ያዋረደኝ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ስለነበር ነው። ማስቲሽ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ቀላልና ተጣጣፊ ነው፣ ግን ሙቀትና ላብ ሲደጋገምበት ይለቃል። የተሰፋ ጫማ ሁለት አይነት ነው። አንዱ ብሌክ የሚሉት ነው፣ እጃችሁን ጫማው ውስጥ አስገብታችሁ ስትዳብሱ ወይ የውስጡን ንጣፍ ገለጥ ስታደርጉ ክሩን ዙሪያውን ታገኙታላችሁ፣ ሶሉ ስስ ስለሚሆን በደንብ ይተጣጠፋል፣ ለጭፈራ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ሌላው ጉድይር ዌልት ነው፣ ከላይ በኩል ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ክር ይታያል፣ ሶሉ ሲያልቅ ተነቅሎ አዲስ ይሰፋበታል፣ እድሜው ረጅም ነው ግን ይከብዳል፣ መጀመሪያ ላይም እንጨት ነው። ተጠንቀቁ ታዲያ፣ ጠርዙ ላይ ስፌት የሚመስል ነገር ጎማው ላይ ታትሞ የሚመጣ አለ። በጥፍራችሁ ጫር ጫር አድርጉት፣ እውነተኛ ክር ይታወቃል።

ከዛ እጠፉት። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጨማድድም እጠፉት። አፍንጫውንና ተረከዙን ይዛችሁ ስትገፉ መታጠፍ ያለበት ጣታችሁ በሚታጠፍበት ቦታ ነው፣ መሃሉ ላይ ከታጠፈ ውስጡ ደጋፊ የለውም ማለት ነው፣ ማታ ላይ የውስጥ እግራችሁን ያቃጥላችኋል። ጭራሽ እምቢ ካለ ደግሞ ቁጢጥ ስትሉ ተረከዛችሁ ከጫማው ወጥቶ ይቀራል። ታኮው ሁለት ሴንቲ ተኩል አካባቢ ይበቃል። የላቲን ዳንስ ጫማ እስከ 4 ሴንቲ ይደርሳል፣ እሱ ክብደትን ወደፊት ለማምጣት ተብሎ ነው፣ ዘለን ለምንወርድ ሰዎች አይሆንም።

ልኩን በተመለከተ፣ ጠዋት አትግዙ። እግር ሲውል ያብጣል፣ ከሰአት በኋላ፣ ሰርግ ላይ የምታደርጉትን ካልሲ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ሁለቱንም እግር፣ ምክንያቱም የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል፣ ለትልቁ ነው የሚገዛው። በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መሃል ያለው ልዩነት 7 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፣ ስለዚ 42 ጠበበኝ ብሎ 44 መግዛት እብደት ነው። ሻጩ "ይሰፋልሃል ወንድሜ" ሲላችሁ ግማሹ እውነት ነው፣ ሌዘር ወደጎን ይሰፋል፣ ወደፊት ግን አይረዝምም፣ ጣታችሁ ጫፉን ከነካ ተዉት። ተረከዝ ላይ ደግሞ ምንም መላወስ የለበትም። ጨፍሮ ማየት ነው፣ እዛው ሱቅ ውስጥ ሁለት ሶስቴ ዝለሉ፣ ይሳቁ።

አይነቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ኦክስፎርድ ማሰሪያው የተዘጋ ስለሆነ እግርን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ለሱፍም የሚያምረው እሱ ነው። የእግራችሁ ጀርባ ከፍ ያለ ከሆነ ደርቢ፣ ማሰሪያው የሚከፈተው፣ ይመቻችኋል። ሞካሲን አትድከሙ፣ ገና በመጀመሪያው ዝላይ ወደ ሰው ይበራል።

ቆዳው እውነተኛ መሆኑን ለማሳየት ላይተር የሚለኩሱ ሻጮች አሉ፣ ይሄ ነገር አያታልላችሁ፣ ላዩ በፕላስቲክ የተቀባ ሌዘርም ሲንቴቲክም ለአፍታ ሊችለው ይችላል። ከዛ ይልቅ በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ ጥሩ ቆዳ ደቃቅ ሽብሽብ ያወጣና ይመለሳል፣ የተቆረጠ ጠርዝ ካገኛችሁም ጭረት ጭረት ያለው ስጋ መሰል ነገር ነው የሚታየው እንጂ ጨርቅ አይደለም። ገበሩም ሌዘር ከሆነ ላብ ይጠጣል። ሰልባጅ ላይ አንዳንዴ በጣም ጥሩ ስፌት ይገኛል፣ ግን የሌላ ሰው እግር የቀረፀው ንጣፍ ስለሆነ ለጭፈራ እኔ አልደፍርም።

ከገዛችሁ በኋላ ሰርጉ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ በየቀኑ ግማሽ ሰአት አድርጉት። አዲስ የሌዘር ሶል እንደ መስታወት ለስላሳ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈትጉት። ሊስትሮ ጋ ስታስጠርጉ ደግሞ ቀለሙን በደንብ አስወልውሉ፣ በተለይ የውስጥ ጎኑን፣ አለዚያ አብራችሁ የምትጨፍረው ልጅ ነጭ ቀሚስ ጫፍ ላይ ጥቁር ቀለም ትታችሁ ትሄዳላችሁ፣ እናቷም ያዩታል። ማታ ስትገቡ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አሳድሩት፣ ፀሀይ ላይ አይሰጣም ይሰነጠቃል፣ በማግስቱ መልስ ካለ ሌላ ጫማ አድርጉ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይረፍ።

ጥምቀት እለት ግን ይሄንን ጫማ እንዳታስቡት። ፋሲለደስ መዋኛ ጋ ውሃው ሲረጭ የሌዘር ሶል ጠጥቶ ያብጣል፣ መንገዱም ኮብልስቶን ነው። እዛ ጎማ ሶል አድርጉ፣ ከዛው በቀጥታ ሰርግ የምትሄዱ ከሆነ የጭፈራውን በፌስታል ያዙ።