ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ቢፈስ ምን እናድርግ?

ቶንሲል ከወጣ በኋላ ደም መፍሰስ የሚያሰጋው በተለይ በሁለት ወቅት ነው። አንደኛው ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ቁስሉን የሸፈነው ነጭ ቅርፊት ሲላቀቅ፣ ብዙ ጊዜ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ነው። ሰው "አሁንማ ድኗል" ብሎ የሚዘናጋው በዚሁ ሰሞን ስለሆነ፣ ቀኖቹን ቀደም ብላችሁ ምልክት አድርጉባቸው። ነጩ ሽፋን መግል አይደለም፤ አትነካኩት።

መጀመሪያ ደሙን ለዩ። በመጀመሪያው ቀን ምራቅ ላይ ቀጭን የደም ክር ሊታይ ይችላል። ትኩስ ቀይ ደም ወይም የረጋ ደም ከመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከባዱ የልጆች ነው። ልጅ ደሙን ስለሚውጠው ውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ተኝቶ ሳለ ቶሎ ቶሎ ምራቅ የሚውጥ ከመሰላችሁ ቀስቅሱትና አፉን በባትሪ እዩ። የተዋጠ ደም ሲያስመልስ ጠቆር ብሎ የቡና አተላ ይመስላል። ፊቱ ከገረጣ፣ ላብ ካጠመቀው ወይም ልቡ በፍጥነት ከመታ ብዙ ደም ፈሶት ይሆናል።

ቀጥሎ ቁጭ አድርጉትና ወደ ፊት ዘንበል ይበል። በጀርባው አይተኛ፤ ደሙ ወደ መተንፈሻው ሊገባ ይችላል። ደሙን አይዋጥ፣ ይትፋው። የሚችል ከሆነ በቀዘቀዘ ውሃ ተጉመጥምጦ ይትፋ። ጉሮሮው ውስጥ ጣትም ጨርቅም አታስገቡ።

ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ደሙ በብዛት ከወረደ አምቡላንስ ጥሩ። ደሙ ቢቆምም አትቅሩ! ትንሽ ፈሶ የቆመ ደም ከሰዓታት በኋላ ለሚመጣ ከባድ መፍሰስ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። በመንገድ ላይ ምግብም መጠጥም አትስጡት፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል።

እዚያ ስትደርሱ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ቀን፣ ደሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የሚወስደውን መድኃኒትና መጨረሻ የበላበትን ሰዓት ንገሯቸው። ሐኪሞቹ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጡታል፣ የደም መጠኑንና ዓይነቱን ይመረምራሉ። የአንገት በላይ ሐኪሙ የረጋውን ደም አንስቶ የሚደማውን ቦታ በመድኃኒት በራሰ ጎዝ ሊጫነው ወይም ሊተኩሰው ይችላል። ይህ ካልበቃ ታካሚው ተመልሶ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባና የሚደማው የደም ሥር ይታሰራል ወይም ይተኮሳል። ደሙ በራሱ ቢቆምም እዚያው አስተኝተው ሊከታተሉት ይችላሉ። "ቤታችን እንሂድ" ብላችሁ አትቸኩሉ።

ቤት ሲመለስ ፈሳሽ በደንብ ይጠጣ፤ የደረቀ ጉሮሮ ይብሱን ያማል። ለሁለት ሳምንት ያህል ሩጫና ከባድ ሥራ ይቅርበት። አስፕሪን ሐኪም ሳያዝ አይውሰድ፤ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል።