በአዲስ ሞተር ላይ የድሮ ልማድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጭስና ነዳጅ እንዲቀንሱ ተብለው የተሠሩ ሞተሮች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በድሮ መኪና ላይ ምንም በማይመስል ነገር ነው። ከሹፌሮች አፍ የማይጠፉ አባባሎችን ይዤ አንድ በአንድ ልሂድባቸው።

«እስኪሞቅ ልጠብቅ»

የድሮ መኪኖች ካርቡሬተር ሲቀዘቅዝ ነዳጁን ከአየር ጋር በወጉ ስለማያዋህድ፣ ያኔ መጠበቁ ልክ ነበር። ኢንጀክሽን (ነዳጁን የሚረጭ ሥርዓት) ያለው ሞተር ግን ቆሞ ሲሠራ የሚሞቀው ቀስ ብሎ ነው፤ እስከዚያው ነዳጅ አብዝቶ ይወስዳል፣ ያልተቃጠለውም በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል ነዳጅ ሳይረግጡ ቀስ ብለው ይንዱ።

«ዘይት ያው ዘይት ነው»

ከሁሉም በላይ ብዙ ሞተር የሚያስወርደው ይሄ ይመስለኛል። ብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች 0ደብሊው-20ን የመሰለ ቀጭን ዘይት ይጠይቃሉ። «ወፈር ያለ ይሻላል» ብሎ ሌላ መሙላት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ላይኛው ክፍል ዘግይቶ እንዲደርስ ያደርጋል። ተርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ካለው ደግሞ ይብሳል፦ ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል፣ ከብረት ጋር እንዳይፋጭ የሚለየውም ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ረጅም ዳገት ወጥተው እንደቆሙ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ተርቦው ውስጥ የቀረውን ዘይት ያሳርረዋል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይታገሡት።

ቀዩ የዘይት መብራት ደግሞ የሚናገረው ስለ ግፊት ነው። መለኪያው ላይ ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ሊበራ ይችላል። እዚያው ጥግ ይዘው ያጥፉ፤ «ጋራዥ ድረስ ልግፋበት» ያለ ሰው ብሮንዚኖቹን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን ስስ ንጣፎች) በልቶ ነው የሚደርሰው።

«መርፌው ወረደ፤ በርዷል»

አንድ ወዳጄ የሙቀት መለኪያው ቀይ ደርሶ ድንገት ሲወርድለት ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ለካ ኩላንቱ (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ፈስሶ አልቆ፣ ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ቀርቶ ነበር። በማግሥቱ የዘይት መሙያውን ክዳን ስንከፍት ከሥሩ ነጣ ያለ ቡናማ አረፋ ተለጥፎ አገኘን፤ ቴስታታው (የሞተሩ ላይኛው ክፍል) ጣሞ፣ ጋርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ፣ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል። የአሉሚኒየም ቴስታታ ሙቀት አይችልም።

ራዲያተሩን ዘወትር በባዶ ውሃ መሙላትም ዝገት ያመጣል፣ ቶሎም ይፈላል። ትኩስ ክዳን ግን በፍጹም አይንኩ፦ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከ100 ዲግሪ አልፎም ያልፈላው በግፊት ስለታፈነ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ፊት ላይ ይፈነዳል።

«ቺንጋው ገና አዲስ ይመስላል»

የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኑ ጋር የሚያስተባብረው ቀበቶ) ዕድሜ በኪሎ ሜትርም በዓመትም ይቆጠራል፤ መኪናው ቢቆምም ቺንጋው የተሠራበት ጎማ ያረጃል። በብዙ ሞተሮች ላይ ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፣ ቫልቮቹም ይጣመማሉ።

«ፊልትሮውን አውጣልኝ»

የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ማጣሪያ (ፊልትሮው) ያጠራቀመውን የሚያቃጥለው በ600 ዲግሪ አካባቢ ነው። አጭር ጉዞ ብቻ የሚሄድ መኪና እዚያ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ማጣሪያው ይደፈናል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ድምፁ ከፍ ካለ፣ ካጠፉትም በኋላ ፋኑ ከቀጠለ፣ ማቃጠል ላይ ሳለ አቋርጠውታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በተስተካከለ ፍጥነት ትንሽ ይንዱት። ቆርጦ ማውጣት ጥላሸቱን ሰው ወደሚተነፍሰው አየር መመለስ ነው፤ ማጣሪያውን የደፈነው የሚያፈስ ኢንጀክተርም እዚያው ይቀራል። የዘይቱም ዓይነት ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም ከዘይት የሚመጣ አመድ ተቃጥሎ አይጠፋም።

የናፍጣ ጭስን ለማጽዳት በራሱ ታንክ የሚሞላው አድብሉ የተባለ የዩሪያ ፈሳሽ በስህተት ናፍጣ ታንክ ውስጥ ከገባ ቁልፉን እንኳ አይክፈቱ፤ ፖምፓው ስቦ መስመሩን ሁሉ ያዳርሰዋል።

«ሃይብሪድ ነው፣ ምን ይሆናል?»

የቶዮታው ፕሪየስ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ መኪና) ሞተሩ ስለሚያርፍ ዘይት መቀየር አያስፈልገውም የሚል ወሬ አለ። እንዲያውም ቶሎ ቶሎ እየጠፋ ስለሚነሳ፣ በአጭር ጉዞ ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ይውላል። ሰው የሚረሳው ግን ሌላ ነው፦ በብዙ ሃይብሪዶች የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለች ትንሽ ወንፊት ነው። ጎንበስ ብለው ይዩዋት፤ ቦርሳ ወይም ጃኬት ተደፍቶባት፣ ወይ በአቧራና በፀጉር ታፍና ሊያገኟት ይችላሉ።