አሞራ ገደልን በእግር ማየት ለምትፈልጉ

ሀዋሳ መጥታችሁ ሀይቁን ከሆቴል በረንዳ ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፣ ጠዋት ተነሱና ሀይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ፣ ለባጃጅ ሹፌር ስሙን ብትነግሩት በቂ ነው። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ብትደርሱ አሪፍ ነው፣ ፀሀዩ አይከብድም ደሞ አሳ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ይዘው ስለሚገቡ ግርግሩን ታዩታላችሁ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም እዛው ሰው መሀል ቆመው የአሳ ሆድቃ ይሻማሉ።

ዛፎቹ ስር ስትገቡ ግን ቀስ በሉ፣ ድምፅ ቀንሱና ወደ ላይ እዩ፣ ጉሬዛዎቹ እዛ ናቸው። መጀመሪያ የምታዩት ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለውን ረጅም ጭራ ነው፣ ጫፉ ነጭና ችፍርግ ያለ፣ ከዛ ጀርባቸው ላይ እንደ ካባ የተዘረጋውን ነጭ ፀጉር። እጃቸውን በደንብ ካያችሁት አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፣ በአራቱ ጣት ነው ቅርንጫፍ እየያዙ የሚዘሉት፣ እኔ ይሄን ሳይ ሁሌ ይገርመኛል።

እባካችሁ ምግብ አትስጧቸው!! ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፣ ሆዱም ቅጠል ለማብላላት የተሰራ ስለሆነ ዳቦና ብስኩት አይስማማውም። ጦጣዎቹ ደሞ ፌስታል ካዩ መንጠቅ ነው፣ ስለዚህ የሚበላ ነገር ቦርሳ ውስጥ ዝጉት፣ ፌስታሉንም ጥላችሁ አትሂዱ።

ስኒከር ይበቃል። ሀይቁ ውስጥ ግን አትግቡ፣ ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለበት። ጉልበት ከተረፋችሁ ታቦር ተራራ ቅርብ ነው፣ ካልሆነ እዛው ትኩስ አሳ ጥብስ በዳጣ እዘዙ።